የከበደው የአባትሽ ነው

አባቴ ዛሬ በኔ ሰገራ ዳነ።

ቆይ፣ አትሳቁ። እሺ ሳቁ፣ እኔም መጀመሪያ ስስቅ ነበር። ከጠዋቱ ጀምሬ በወግ በወጉ ልነግራችሁ ነበር ያሰብኩት፣ ግን ትልቁ ነገር ምላሴ ላይ አላድር አለኝና በቃ አፈረጥኩት። ሐኪሟ ውጤቱን አይታ "እንኳን ደስ አለዎት፣ አንጀትዎ ጸጥ ብሏል" ስትለው፣ ያ ሲደሰት እንኳን ጉሮሮውን ጠርጎ ዝም የሚለው አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። ያ ጸጥ ያለው አንጀት ግን የሱ አይደለም። የኔ ነው። ድንጋይ ቢሰጡት የሚፈጭ፣ ከእራት በኋላ ሌላ እራት የሚጠይቅ የኔ አንጀት። ይሄን የምናውቀው እኔና እማዬ ብቻ ነን፣ አሁን ደሞ እናንተ። አባዬ ከበሩ ወዲያ ለነገ ሸሚዙን እየተኮሰ ነው። እኔ ከበሩ ወዲህ ወለሉ ላይ ተዘርፍጬ ይሄን በስልኬ እጽፋለሁ። ካውያው ሲንፏፏ ይሰማኛል። ምን እንደማደርግ ግን ከምር አላውቅም፣ ለዛ ነው ለናንተ የምነግራችሁ።

የኛ ቤት ሁለት ክፍልና አንድ ሰው ዞር ሲል ሌላው መውጣት ያለበት ማድ ቤት ነው። በማድ ቤቱና በሽንት ቤቱ መሀል ያለው ግድግዳ ደሞ ግድግዳ አይባልም፣ ያው ከካርቶን ትንሽ ወፈር ይላል። አባዬ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ቧንቧውን መክፈት ነው፣ እስከ መጨረሻው። ውሃው ሲንሿሿ ሌላው ድምፅ እንዳይሰማ ነው። ያኔ እማዬ ያለምንም ምክንያት ድስት ታንኳኳለች፣ እኔ ሬዲዮኑን ከፍ አደርጋለሁ። ሦስታችንም ሁሉንም እንሰማለን፣ ሦስታችንም ምንም አልሰማንም። ቤታችን ውስጥ ይሄ ነገር ስም የለውም። "እንትኑ" ነው። እማዬ ጣሪያውን እያየች "እንትኑ እንዴት አደረ?" ትለዋለች፣ አባዬ ወለሉን እያየ "ደህና ነው" ይላታል። አመት ያለፈውን በሽታ በዚህችው ጥያቄና በዚህችው መልስ ነው የጨረስነው።

አባዬ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ተሳፋሪዎቹ "ካፒቴን" ነው የሚሉት፣ ፍሬን ሲይዝ የቆመ ሰው እንኳን ስለማይነቃነቅ። ሕመሙ ሲብስበት ግን አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ እስከ አፍ ገደፉ የሞላ አውቶቡስ ፌርማታ ባልሆነ ቦታ አቁሞ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ ይቅርታ እንኳን ሳይል ወርዶ ወደ አንድ ጫማ ቤት ሮጠ። ሲመለስ ግማሹ ተሳፋሪ ወርዷል፣ ግማሹ ስልኩን ደቅኖ ይቀርፀዋል። ከዛ ከመሪው አንስተው ጋራዡ በር ላይ ቁልፍ አቀባይ አደረጉት። ጠዋት ለሌሎቹ ሹፌሮች ቁልፍ ያድላል፣ ማታ ይሰበስባል፣ በመሀል አውቶቡስ ሲገባና ሲወጣ ያያል። ምሳውን ላደርስ ስሄድ በጆሮዬ ሰማሁ፣ አንዱ ሹፌር ቁልፉን እየተቀበለ "ካፒቴን ፌርማታ፣ ዛሬስ ስንት ቦታ ቆምክ?" ሲለው። አባዬ ሳቀ። ያ ሳቁ አንጀቴን በላው። የሚያናድደው ደሞ ሰውየው ክፉ አይደለም። ሲያልፍ ጉንጬን ቆንጥጦ ማስቲካ ሰጠኝ፣ እኔም እንደ ሞኝ ተቀብዬ አኘክሁት።

የጋራዡ ኃላፊ ያለው አጭር ነው፤ ሐኪም ሕመሙ በርዷል ብሎ ከጻፈ መሪው ይመለስለታል። መብረዱ የሚታወቀው ደሞ በእንትኑ ነው። ሐኪሟ ባለፈው ስታስረዳው አብሬው ገብቼ ነበር፣ እሱ አፍሮ ጆሮው ስለሚዘጋ የምትለውን ለሱ መልሼ የምነግረው እኔ ነኝ። ነጭ የደም ሴሎች አሉ አለች፣ የሰውነት ዘበኞች ማለት ናቸው። ሌባ ሲገባ ዱላቸውን ይዘው ይወጣሉ። የአባዬ ዘበኞች ግን ሌባ በሌለበት ነው የሚወጡት፣ የሚጠብቁትን አንጀት ራሱን ይደበድቡታል። ሲደባደቡ ከነሱ አንድ ፕሮቲን ይፈሳል፣ ያ ፕሮቲን ከሰገራ ጋር ይወጣል፣ ማሽን ይለካዋል። ብዙ ከሆነ ውስጥ ጠብ አለ፣ ትንሽ ከሆነ ዘበኞቹ ተኝተዋል። በካሜራ ሳይታይ፣ ምንም ነገር በየትም በኩል ሳይገባ። ከዚህ ሁሉ ማብራሪያ አባዬ በደንብ የሰማው ይቺን የመጨረሻዋን ብቻ ነው። ያኔ ቁጥሩ ስምንት መቶ ምናምን ነበር፣ የጤነኛ ሰው ከሃምሳ አይበልጥም። ሐኪሟ መድኃኒት ጨመረችለት፣ እስኪበርድ እንጠብቅ አለች፣ እኛም እየጠበቅን ነበር።

አሁን እኔ የት እንደምገባ ስሙ። ትምህርት ተዘግቷል፣ ከኛ ሰፈር ከፍ ብሎ ያለው ኬክ ቤት ደሞ ሥራ አግኝቻለሁ። እንዴት እንደተደሰትኩ አልነግራችሁም፣ ነጭ ሽርጥና ያቺ ፀጉር የምትሸፍን መረብ ሁሉ ሰጥተውኛል፣ ቤት ውስጥ አድርጌያት ስዞር ነው የከረምኩት። ግን ምግብ የሚነካ ሰው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሰገራውን አስመርምሮ ትልም አሜባም እንደሌለበት ወረቀት ማምጣት አለበት። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ፍሪጃችን ውስጥ፣ ከወተቱ ጎን፣ ሁለት ብልቃጥ ነበር። ሁለቱንም ከአንድ መድኃኒት ቤት የገዛኋቸው እኔ ነኝ፣ ሁለቱም ነጭ ፕላስቲክ፣ ሁለቱም ውስጣቸው የማይታይ። ላያቸው ላይ በእስክሪብቶ የሁለታችንን ስም ጽፌ ነበር። በጣም ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር ከምር።

እማዬን ግን አታውቋትም። የትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ሳሙናን በሳሙና የምታጥብ ሴት ናት። ስነሳ ብልቃጦቹ ሌላ ነገር ሆነው ጠበቁኝ። እያንዳንዳቸው በሶፍት ተጠቅልለው፣ በላስቲክ ተቋጥረው፣ ላስቲኩ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ፣ በሷ ትልልቅ ፊደል አንዱ ላይ "አባት"፣ አንዱ ላይ "ልጅ" ተጽፎባቸዋል። የሰርግ ስጦታ ነው የሚመስሉት። እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ለሥራ እየወጣች ነበር፣ በሩ ላይ ዞር ብላ፣ ዕቃውን ሳይሆን ጫማዬን እያየች፣ እንዳትቀላቅይ ብላኝ ሄደች። አልቀላቀልኩም። እምላለሁ፣ እኔ አልቀላቀልኩም።

የኔን ጤና ጣቢያው መስኮት ላይ ሰጥተን ከአባዬ ጋር ወደ ሆስፒታሉ በአውቶቡስ ሄድን። ተሳፋሪ ሆኖ ሲሄድ አይታችሁት ቢሆን። ሁልጊዜ ከሹፌሩ ጀርባ ነው የሚቀመጠው፣ መታጠፊያ ሲመጣ ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል፣ የሌለ ፍሬን። ሹፌሩ በድንገት ሲይዝ አባዬ "ቀስ" ይላል ለራሱ። በመስኮቱ በኩል የማያውቀው ቤት የለም። ያ ሆቴል በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ጥሩ ሰው ነው፣ ያ ባንክ አያስገባም፣ እዛ ነዳጅ ማደያ ቁልፉን ከገንዘብ ተቀባዩ ነው የሚቀበሉት፣ እዚህ ጋ ግን ሚጡ ምንም የለም፣ እስከ አደባባዩ ድረስ ምንም የለም። "ምንም የለም" ሲል ድምፁ ይቀንሳል። ሌላ ሰው ከተማውን በሱቅና በሐውልት ያውቀዋል፣ አባዬ በሽንት ቤት ነው የሚያውቀው። ዛሬ ጠዋት ከቤት ሳንወጣ ቧንቧውን ሁለቴ ከፍቶ ነበር። ሰምቻለሁ። ፈርቶ ነው ብዬ አለፍኩት፣ እኔም ፈተና ሲኖረኝ እንደዛ ነኝ።

የሱን ብልቃጥ ለላቦራቶሪው ሰጥተን ውጤቱን የጠበቅንበት ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የእንጨት ወንበር አለ፣ ስንቀመጥበት አንዱ ጫፍ የሚነሳ። ሌላኛው ጫፍ ላይ ያሉ ሴትዮ እኔ በተነሳሁ ቁጥር ይወርዱ ነበር፣ ቆይተው "ልጄ፣ ወይ ተቀመጪ ወይ ተነሺ፣ ባሕር ላይ ያለሁ መሰለኝ" አሉኝ። አባዬ ፈገግ አለ። ከዛ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወሩ፣ የሁለቱም እጅ ላይ ያለው የወረፋ ካርድ የአንድ ሐኪም መሆኑን እያዩ ሆዴን የሚል ቃል ሳያነሱ ግማሽ ቀን አወሩ። ስማችን ሲጠራ ሴትዮዋ አባዬን "ይቅናህ" አሉት። ያኔ ብቻ ነው ሁለቱም የተያዩት።

ውጤቱን ነግሬያችኋለሁ፣ ቁጥሩ ሃያ ምናምን ነው። ሐኪሟ ራሷ ተገርማ ወረቀቱን ሁለቴ አየችው፣ ከዛ በጣም ተደሰተች፣ መነጽሯን አውልቃ ነው የሳቀችው። ግን ጥሩ ሐኪም ስለሆነች ጠየቀችው። ሆድ ቁርጠት አለ? የለም። መመላለስ? ቀንሷል። ደም አዩ?

አባዬ ወለሉን አየ። "የለም" አለ።

እኔ ቧንቧውን አስታወስኩ። ለመናገር አፌን እንኳን ከፍቼ ነበር ይመስለኛል፣ ግን ቁጥሩ እዛ ተጽፏል፣ ማሽን ነው የለካው፣ እኔ ማን ነኝ? ደሞ አባዬ ኮፍያው ውስጥ ፊቱን ቀብሮ ነበር። ሐኪሟ ዞር ብላ መስኮቱን እንደመዝጋት አለች፣ እንዳላየችው እንዲመስለው፣ ለዚህ ወደድኳት። ከዛ ለጋራዡ ወረቀት ጻፈችለት፣ ያቺን ፊቱን የምታሳብጠውን ኪኒን ከነገ ጠዋት ጀምሮ እንዲተው ነገረችው፣ ጨብጣውም ወጣን።

ጋራዡ ጋ ስንደርስ የሆነውን ብታዩ። ኃላፊው ወረቀቱን አንብቦ ከመሳቢያው የድሮ ቁልፉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ገፋለት፣ ነገ የመጀመሪያዋን ጉዞ የምትሄደው አንተ ነህ አለው። አባዬ ቁልፉን ሲያነሳ እጁ ላይ መዘነው፣ እንደ ወርቅ። ያ የማስቲካው ሹፌር ግቢው ውስጥ አውቶቡሱ ላይ ነበር፣ ሲያየን ክላክሱን ለቀቀው፣ ሌላኛው ተከተለው፣ ግቢው በሙሉ ጮኸ። "ካፒቴን!" አለ የማስቲካው ሹፌር አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ። ፌርማታ አላለም። ካፒቴን ብቻ። አባዬ ቀና ብሎ ሲራመድ ከኔ በጣም እንደሚረዝም አሁን ገና ታወቀኝ፣ ለካ አመቱን ሙሉ ሆዱን ይዞ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚሄደው። እዚህ ጋ አልዋሻችሁም፣ እኔም አለቀስኩ። እሱ ሰዎቹ ጋ ቀረ፣ እኔ የራሴን ውጤት ልቀበል እየዘለልኩ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ።

የጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ሠራተኛ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ እያንጎራጎሩ የሚሠሩ ሰውዬ ናቸው። ወረቀቴን በመስኮቱ ይሰጡኛል ስል በሩን ከፍተው ግቢ አሉኝ። በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። ሆድሽን ያምሻል ወይ አሉኝ፣ አያመኝም አልኩ። ቶሎ ቶሎ ትመላለሻለሽ ወይ፣ ኧረ በፍጹም። ክብደት ቀንሰሻል ወይ ሲሉኝ ሳቄ መጣ፣ ባለፈው ወር የጠበበኝን ሱሪ ለብሼ ነበርና። እሳቸው አልሳቁም። ነይ እይ ብለው ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አደረጉኝ። መጀመሪያ ሽፋሽፍቴን ብቻ ነበር የማየው። ከዛ ብርሃኑ ጠራና ሜዳ የመሰለ ነገር መጣ፣ ሜዳው ላይ ክብ ክብ፣ ውስጣቸው ነጠብጣብ ያለባቸው፣ የተፋፈጉ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የወጣ፣ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ነገሮች።

"ነጭ የደም ሴሎች ናቸው" አሉኝ ከጀርባዬ፣ ቀስ ብለው፣ እንዳልደነግጥ። "ደምም አለ። ትል ፈለግሁ የለም፣ አሜባ ፈለግሁ የለም። ጠላት በሌለበት ይሄ ሁሉ ጦር ምን ይሠራል የኔ ልጅ?"

ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ አላነሳሁም። ሌባ በሌለበት የሚወጡ ዘበኞች። የማውቃቸው ዘበኞች። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ሞኝነት ነው፣ "አባዬ፣ እዚህ ነህ እንዴ?" የሚል። የኔን ብልቃጥ ማሽኑ ለክቶታል፣ የሱ ብልቃጥ እዚህ መስታወት ላይ ተዘርግቷል። ሰውዬው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው አይዞሽ አሉኝ፣ የኬክ ቤቱን ወረቀት አሁን ልሰጥሽ አልችልም፣ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሂጂ፣ ለአንጀት ጥሩ ሐኪም አለች፣ ዛሬ ነገ ሳትይ ሂጂ አሉኝ። አሁን ከሷ ጋ ነው እኮ የመጣሁት ልላቸው ምንም አልቀረኝም። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። ዱላ እንደቀመሰ ሰው ነበር የምራመደው።

መንገድ ላይ ምን ምን እንዳሰብኩ ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ። መጀመሪያ ዝም ብል አልኩ። ነገ ሌላ ብልቃጥ ወስጄ ጤና ጣቢያው ተሳስቶ ነው እላለሁ፣ ወረቀቴን አገኛለሁ፣ ኬክ ቤት እገባለሁ፣ አባዬ አውቶቡሱ ላይ ይወጣል፣ ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል። ከዛ ኪኒኑን አሰብኩ፣ ከነገ ጠዋት ጀምሮ አይውጥም። ከዛ አደባባዩን አሰብኩ፣ ያቺን ምንም የሌለባትን መንገድ፣ ከጀርባው የሞላ ሰው ቆሞ። ሲያመው ዓይኑን እንዴት እንደሚጨፍን አውቃለሁ፣ እራት ላይ አይቼዋለሁ። መሪ ይዞ ቢጨፍንስ? እግሬ ቤት አደረሰኝ።

እማዬ ከሥራ ተመልሳ ምድጃውን እየፈገፈገች ነበር። ዛሬ ያልቆሸሸውን ምድጃ። አባዬ ደውሎላት ሰምታለች መሰለኝ ፊቷ በርቷል፣ ለራሷ ትዘምራለች፣ ስታየኝ በእርጥብ እጇ ጉንጬን ያዘችኝ። እስክትለቀኝ ጠበቅኩና ብልቃጦቹን ነክተሻቸው ነበር ወይ አልኳት። አዎ፣ አጠብኳቸው አለች፣ ምን ትጠይቂኛለሽ በሚል ድምፅ። ከወተቱ ጋር እንዴት ይደሩ ኖሯል? በበረኪና፣ ከነክዳናቸው አለችኝ። ስም ነበረበት እኮ አልኳት። ለቀቀ አለች።

"ታዲያ የትኛው የማን እንደሆነ በምን አወቅሽ?"

ፎጣውን አነሳች። ጣቶቿን አንድ በአንድ አደረቀቻቸው። "ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ መዘንኳቸው" አለችኝ። "የከበደው የአባትሽ ነው ብዬ። ወንድ አይደል?"

ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ አመለጠኝ፣ ሳቄ እስኪያስለኝ ድረስ ሳቅሁ። ያ ምስኪን ሰውዬ እኮ ከሆዱ የሚወጣው ነገር ጠብታ ነው፣ የከበደው የኔ ነበር። ከዛ ፊቷን አየሁ። አንድም ነገር ሳልላት ፎጣው በእጇ እንዳለ ቁጭ አለች። ሁሉንም ነገርኳት፣ ማይክሮስኮፑን፣ ሜዳውን፣ ሰውዬው ያሉትን። ለምን አልጠራሽኝም፣ ለምን የትኛው የማን ነው አላልሽኝም ብዬ ጮህኩባት፣ ከዛ ወዲያው ተጸጸትኩ። "ጠርቼ ምን ብዬ ልጠይቅሽ?" አለች፣ ከምር አልገባትም። በዛ ቃል አልባ ቤታችን ውስጥ ምን ብላ ትጠይቀኝ? ፎጣው ላይ አቀረቀረች። ቀና ስትል ዓይኗ ቀልቷል። ዛሬን ብቻ አለችኝ። ዛሬን በደስታ ይብላ፣ ይተኛ፣ ለዛሬ ሆድ ይፍጀው።

"እማዬ፣ የሱን ሆድ እኮ ነው እየፈጀው ያለው።"

በሩ ተከፈተ። አባዬ ነው፣ በአንድ እጁ ዳቦ፣ በአንድ እጁ ብርቱካንና ቃሪያ ይዞ። ቃሪያ አያችሁ? ከታመመ ጀምሮ ቃሪያ ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ፀሐይ ሳትጠልቅ እራት ቀረበ፣ ነገ በጠዋት ስለሚነሳ። ኮቱን ሳያወልቅ ተቀምጦ ያወራል፣ አባቴ ያወራል፣ ያ ቃል ቆጥቦ የሚኖር ሰውዬ። ክላክሱን ለእማዬ በአፉ አስመሰለላት። ኃላፊው ቁልፉን እንዴት እንደገፋው በማንኪያ አሳያት። ለኔ ደሞ ኬክ ቤት ስትገቢ መጀመሪያ የምትቆርሺው ኬክ የኔ ነው አለኝ። እማዬ ውሃ ትቀዳለታለች፣ ብርጭቆው ሞልቶ ይፈሳል፣ አታይም። ከዛ ተነሳና የኪኒኑን ካርቶን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ቁምሳጥኑ አናት ላይ፣ ማንም የማይደርስበት ቦታ ወረወረው። ተመለሰ፣ ቃሪያውን ነከሰ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ።

ብዙም አልቆየ። ወሬውን መሀል ላይ አቆመው፣ እንደዋዛ ተነሳ፣ ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቀለ፣ ሄደ። ቧንቧው ተከፈተ።

የእማዬ እጅ ወደ ድስቱ ክዳን ሄደ። የኔ እጅ ወደ ሬዲዮኑ ሄደ። ከዛ ተያየን። እሷ ክዳኑን አላነሳችም። እኔ ሬዲዮኑን አልነካሁም። በሕይወታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀምጠን ሰማን፣ ሁሉንም፣ ከውሃው ስር ያለውን፣ ጥርሱን ነክሶ የሚያወጣትን ያቺን ትንሽ ድምፅ ሳይቀር። እማዬ ፎጣውን አፏ ላይ ያዘች። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ቤቱ ጸጥ ማለቱን አወቀ፣ መጀመሪያ ሬዲዮኑን አየ፣ ከዛ እኛን አየ።

"ቃሪያው ነው" አለ። ማንም ምንም አልጠየቀውም።

ከዛ ለነገ ሸሚዜን ልተኩስ ብሎ ካውያውን ይዞ ክፍሉ ገባ። እማዬ ሳህን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ ያንኑ ሳህን መልሳ አነሳች። ቆይታ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ አንቺ ንገሪው አለችኝ። እኔ ከአፌ አይወጣም፣ አንቺ ልጅ ነሽ፣ ዘመኑ የናንተ ነው። ይኸው ከዛ ጀምሮ በሩ ጋ ነኝ።

ምን እንደምለው አውቃለሁ። እንትኑን በስሙ ጠርቼ፣ ሰገራው የኔ ነበር አባዬ፣ ያንተን ዘበኞች በዓይኔ አይቻቸዋለሁ፣ አልተኙም፣ ነገ ጠዋት አብረን ሐኪሟ ጋ እንሄዳለን፣ ኪኒኑን እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ አወርድልሃለሁ እለዋለሁ። ያንን ቁልፍ መልሶ ጠረጴዛው ላይ ሲገፋ ግን ከፊቴ አልሄድ አለኝ። በበሩ ቀዳዳ አየዋለሁ። የደንብ ልብሱን ሰማያዊ ሸሚዝ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል፣ ኮሌታውን ጨርሷል፣ ጀርባውን ጨርሷል፣ አንዱን እጅጌ ጨርሷል። እያፏጨ ነው። ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም፣ ለካ ይችላል። አንድ እጅጌ ነው የቀረው፣ ቀስ እያለ፣ እያንዳንዷን መስመር ተመልሶ እየተኮሳት ነው።

ልገባ ነው። ግን አንድ ነገር ንገሩኝ፣ እናንተ ብትሆኑ እጅጌውን እስኪጨርስ ትጠብቁት ነበር፣ ወይስ አሁኑኑ ታንኳኩ ነበር?